ከጦሳ እስከ ራስ ደጀን፦ ከደሴና ከኮምቦልቻ ለሚነሳ ሰው የትኛው የውርጭ መንገድ ይሻላል?

እሑድ ማለዳ ጦሳን የምንወጣ ጓደኛሞች አለን። ጫፉ ላይ ስንደርስ ላባችን ሳይደርቅ ጋቢ እንደርባለን። ቴርሞስ ይከፈታል፣ ሻይ ይቀዳል፣ ቆሎ ይዞራል። ከታች ደሴ ግማሽ አካሏ በጉም ተሸፍኖ ትታያለች። ያን ጊዜ ያው ጥያቄ ይነሳል። «ቀጥሎስ የት እንሂድ?»

አንዱ «ራስ ደጀን» ይላል። ሌላው «ላሊበላ ድረስ ሄደን አቡነ ዮሴፍን እንውጣ» ይላል። ሦስተኛዋ «እዚሁ ቦረና ሳይንት እያለልን ምን አስኬደን?» ትላለች። አንድ ወዳጃችን ደግሞ ስለ መንዝ ጓሳ ሰምቶ መጥቷል። ሁሉም ልክ ናቸው። ግን የሚያወሩት ስለ ተለያየ ነገር ነው። አንዱ ስለ ከፍታ ያስባል፣ አንዱ ስለ ገንዘብ፣ አንዷ ስለ ዕረፍት ቀኗ።

ይህን የምጽፈው እንደ እነሱ ግራ ለገባው ሰው ነው። በተለይ ከደሴ ወይም ከኮምቦልቻ ለሚነሳ ሰው። ከአዲስ አበባ የሚነሳ ሰው ስሌቱ ሌላ ነው። የመኪናው መንገድም፣ ሰውነቱ የለመደው አየርም ይለያል።

የማወራው ስለ ጠዋት ሽርሽር አይደለም። ደጋውን አልፎ ውርጭ የምንለው አገር ላይ ስለሚደረግ የብዙ ቀን የእግር ጉዞ ነው። ዛፉ አልቆ ጅብራ የሚባለው ረጅም ተክልና ጓሳ የሚባለው ሣር የሚበቅልበት ቦታ ነው። እዚያ ከአንዱ ሸለቆ ወደ ሌላው ለመሻገር በተራራው ትከሻ ላይ ማለፍ ግድ ይላል። እንዲህ ያለውን ማለፊያ አገራችን «በር» ትለዋለች። ወደ አዲስ አበባ ስትሄዱ የምታቋርጡትን ጣርማ በርን አስቡት። ልዩነቱ እዚያ መኪናው ይሸከማችኋል፤ እዚህ ግን የራሳችሁ ጉልበት ነው።

በምን እንመዝን?

ብዙ ሰው የሚጀምረው ከቁመት ነው። «ስንት ሜትር ነው?» ይላል። ቁመት ብቻውን ግን ብዙ አይነግራችሁም። እኔ የማስቀድመው ሁለት ነገር ነው። አንደኛው የት የት እንደምታድሩ ነው። ሁለተኛው ችግር ቢመጣ በየት በኩል እንደምትወርዱ ነው።

የመጀመሪያውን ላብራራ። ሰውነት ከፍታን የሚለምደው በሚያድርበት ቦታ ነው። በሰፊው የሚሰጠው ምክር እንዲህ ነው፦ ከ3,000 ሜትር በላይ ስትሆኑ የማደሪያችሁ ከፍታ በአንድ ሌሊት ከ500 ሜትር በላይ አይጨምር። በየሦስት አራት ቀኑ ደግሞ አንድ ቀን እዚያው እረፉ። ቀን ከፍ ብሎ ወጥቶ ማታ ዝቅ ብሎ መተኛት ችግር የለውም። እንዲያውም ይጠቅማል።

አሁን ከቤታችን እንነሳ። ደሴ 2,500 ሜትር ገደማ ላይ ናት። ኮምቦልቻ 1,850 ሜትር አካባቢ። በመካከላቸው ያለው 25 ኪሎ ሜትር የማይሞላ ጠመዝማዛ መንገድ ነው፤ በከፍታ ግን ከ600 ሜትር በላይ ይራራቃሉ። ስለዚህ የደሴ ልጅ ሳያውቀው ከፍታ የመልመጃውን ደረጃ ጀምሮታል። የኮምቦልቻ ልጅ ገና ነው። ሁለቱ አብረው ሲሄዱ ይህን ማሰብ ያስፈልጋል። ከኮምቦልቻ የምትነሱ ከሆነ ሁለት ሦስት ቀን ቀድማችሁ ደሴ ዘመድ ቤት እደሩ። አንድ ቀን ጦሳን ውጡ። ደሴ ዘመድ የሌለው የኮምቦልቻ ሰው አላውቅም።

ሁለተኛው መመዘኛ መመለሻው ነው። ከፍታ ላይ ራስ ምታት፣ ማቅለሽለሽ፣ ድካምና እንቅልፍ ማጣት ሊመጣ ይችላል። ቀለል ያለ ከሆነ እዚያው ቆማችሁ ታርፋላችሁ፤ ወደ ላይ አትቀጥሉም። ሰውዬው ተቀምጦም ካለከለከ፣ እንደ ሰከረ ከተንገዳገደ፣ ንግግሩ ከተምታታ ግን ጉዳዩ የሞት የሽረት ነው። ሌሊትም ቢሆን ይወረዳል። ታዲያ መንገዱ ወዲያው ወደ ታች የሚያወርድ ነው? ወይስ ለመውረድ መጀመሪያ መልሶ መውጣት ይጠይቃል? ካርታ ስትመለከቱ ከጫፉ ቁጥር በፊት ይህን ፈልጉ።

የቀሩት መመዘኛዎች የታወቁ ናቸው። ውሃ የት ይገኛል? ሌሊቱ ምን ያህል ይበርዳል? ስንት ቀን ይፈጃል? ወጪው የሚከብደው በምን በኩል ነው? ከሁሉም በፊት ግን የመንገዱ ሰላም ይቅደም። ይህ በማናቸውም ውበት የሚለወጥ አይደለም። መናኸሪያ ሄዳችሁ ያንን መስመር የሚሠሩ ሹፌሮችን ጠይቁ። እዚያው አገር ያለ ሰው ጋር ደውሉ። በሳምንት ውስጥ ነገር ይለወጣልና በመነሻችሁ ዋዜማ ደግማችሁ ጠይቁ። «እንጃ» የሚል መልስ ካገኛችሁ ጉዞው ይዘግይ።

ጦሳ፦ መለማመጃችን

ጦሳን ከሌሎቹ እኩል የማቀርበው አይደለም። ውርጭ ምድርም አይባልም። ግን ሳይወጡት ወደ ሌላው የሚሄዱ ሰዎች ስላሉ አነሳዋለሁ። ዋጋው ጠዋት መነሳት ብቻ ነው። ቁርሳችሁን ቤታችሁ ትበላላችሁ፣ ለምሳ ትመለሳላችሁ። ጫማችሁ፣ ቦርሳችሁና ጉልበታችሁ የሚፈተኑት እዚህ ነው።

አንድ ነገር ብቻ አደራ። ባዶ እጃችሁን አትውጡ። ለረጅሙ ጉዞ የምትይዙትን ቦርሳ ከነሙሉ ክብደቱ ይዛችሁ ውጡ። ባዶ እጁን በሩጫ የሚወጣ ጓደኛ ነበረን። አሥር ኪሎ ሲሸከም በግማሽ መንገድ ተቀመጠ። ያን ቀን ማወቁ ጠቀመው።

ቦረና ሳይንት፦ የደቡብ ወሎ ስውር ደጋ

የቦረና ሳይንት ወረሂመኑ ብሔራዊ ፓርክ እዚሁ ዞናችን ውስጥ ነው። ብዙው የደሴ ሰው ግን ስሙን እንጂ ቦታውን አያውቀውም። ከታች የደንቆሮ ጫካ አለ፤ ጥቅጥቅ ያለ የተፈጥሮ ደን ነው። ወደ ላይ ስትወጡ ደኑ ወደ አስታ ቁጥቋጦ ይለወጣል፣ ከዚያ ጅብራና ጓሳ ይተካል። ከፍተኛው ቦታ 3,700 ሜትር ገደማ ነው። ጭላዳ ዝንጀሮና ቀይ ቀበሮ ይኖሩበታል።

በመመዘኛችን ስናየው የማደሪያ ደረጃው፣ ማለትም በየሌሊቱ የሚጨምረው ከፍታ፣ ለስለስ ያለ ነው። መነሻ ከተማው መካነ ሰላም ነው። ከፍታው ከደሴ ብዙም አይርቅም። ስለዚህ የደሴ ሰው ያለ ትልቅ ዝላይ ይጀምራል። መመለሻውም ጥሩ ነው። ከደጋው ወደ ደኑ ስትወርዱ በአጭር ሰዓት ብዙ መቶ ሜትር ዝቅ ትላላችሁ፤ ከፍታ ለመታው ሰው የሚፈለገው ይኸው ነው።

መንገዱ በጉጉፍቱና በአቀስታ በኩል ነው። ከ150 ኪሎ ሜትር በላይ ይሆናል። በኪሎ ሜትር ስታዩት ቅርብ ነው፤ በመኪና ስትሄዱት ግን ረጅም ነው። ሲወጡ ሲወርዱ ቀኑ ያልቃል። ጉጉፍቱ አካባቢ መስኮት ከከፈታችሁ ብርዱ ምን እንደሚጠብቃችሁ ቀድሞ ይነግራችኋል።

ድክመቱ የተጓዥ አገልግሎት ነው። እንደ ስሜን የተዘጋጀ ካምፕ፣ ተሰልፈው የሚጠብቁ በቅሎ ነጂዎችና አብሳዮች አትጠብቁ። ድንኳን፣ ምግብና ማብሰያ ይዛችሁ ነው የምትሄዱት። መካነ ሰላም ስትደርሱ በቀጥታ የፓርኩን ጽሕፈት ቤት ጠይቁ፤ መንገድ መሪ የምታገኙት በእነሱ በኩል ነው። ሰው የማይበዛበት ጸጥታ ለሚወድ ይህ ራሱ ስጦታ ነው። ለጀማሪ ቡድን ግን ልምድ ያለው አንድ ሰው አብሮ ቢሄድ ደስ ይለኛል።

መንዝ ጓሳ፦ ለጥ ያለው አማራጭ

ጓሳ ከ3,200 እስከ 3,700 ሜትር ባለው ከፍታ ላይ የተዘረጋ የሣር ምድር ነው። ሕዝቡ ራሱ ሲጠብቀው ከሦስት መቶ ዓመት በላይ ሆኖታል፤ የድሮው የጥበቃ ሥርዓት ቄሮ ይባል ነበር። ሣሩ የሚታጨድበትና የሚዘጋበት ጊዜ ነበረው፤ ሕግ ያፈረሰ ይቀጣ ነበር። ቀይ ቀበሮን በቀላሉ ለማየት ከሚመቹ ቦታዎች አንዱ ነው። የማኅበረሰቡ ማረፊያም አለው።

ለሚፈትን ጉዞ ግን አልመርጠውም። መሬቱ ለጥ ያለ፣ ኮረብታው ዝግ ያለ ነው። ችግሩ ደግሞ በመኪና ቀጥታ ከ3,000 ሜትር በላይ ወጥታችሁ እዚያው ማደራችሁ ነው። የመጀመሪያው ሌሊት እንቅልፍ ላይወስዳችሁ ይችላል። ወላጅ ወይም ልጆች ይዞ ለሚሄድ፣ ከመውጣት ይልቅ ማየት ለሚወድ ሰው ግን ከሁሉም ይሻላል።

አቡነ ዮሴፍ፦ ቅርብ ነው ብለን የምንንቀው

ይህን ክፍል በጥንቃቄ አንብቡልኝ፤ እኔም የተማርኩት እዚህ ነው።

አቡነ ዮሴፍ ከላሊበላ በላይ ያለ ተራራ ነው። ጫፉ ከ4,200 ሜትር በላይ ነው። ከደሴ ወልድያ 120 ኪሎ ሜትር፣ ከዚያ በጋሸና በኩል ላሊበላ። በድምሩ 300 ኪሎ ሜትር ገደማ። በጠዋት ከተነሳችሁ ማታ ላሊበላ ናችሁ። ይህ ቅርበቱ ነው የሚያታልለው። ብዙ ሰው አርብ ሄዶ ቅዳሜ ወጥቶ እሑድ ሊመለስ ያስባል።

እኔም እንደዚያ አሰብኩ። ያኔ ኮምቦልቻ ነበር የምኖረው። አንድ ሌሊት ላሊበላ አደርኩ። በማግስቱ በአሸተን ማርያም በኩል ወጣን። ገዳሟ ያለችው ከ3,000 ሜትር በላይ ስለሆነ ገና እዚያ ስንደርስ ትንፋሼ አጠረ። «ጉልበቴ ስለሰነፈ ነው» ብዬ ዝም አልኩ። ማታ ከዚያም ከፍ ብለን አደርን። ሌሊቱን ሙሉ አልተኛሁም። በነጋታው ጅብራው መታየት ሲጀምር ራሴ በጠፍር እንደታሰረ ሆነ። ዳገቱን ትቼ ጫማዬን እያየሁ ነበር የምራመደው።

በቅሎውን የሚነዱት አባት ቆም አሉ። እጄን ያዙና ጥፍሮቼን አዩ። ከንፈሬን አዩ። ምንም አልጠየቁኝም። ቦርሳዬን ከትከሻዬ አውርደው በቅሎው ላይ ጫኑት፣ የበቅሎውን አፍንጫ ወደ ታች አዞሩት። «ና ልጄ፣ ውረድ። እታች ቡና ይፈላል» አሉኝ። ሁለት ሰዓት ወርደን ከአንድ ቤት ደጃፍ ስንቀመጥ ራስ ምታቱ ለቀቀኝ። ጓደኞቼ ጫፉን አይተው ተመለሱ። እኔ ቡናውን እስከ በረካ ጠጣሁ።

አቡነ ዮሴፍ ጥፋት የለበትም። ጥፋቱ የደረጃው ነው። ከ1,850 ተነስቼ በሁለት ሌሊት ከ3,000 ሜትር በላይ ሄጄ ተኛሁ። በሦስተኛው ቀን 4,000ን ልሻገር ሞከርኩ።

በትክክል ከተሠራ ግን ከአራቱ ለደሴ ሰው የምመርጠው ይህን ነው። ላሊበላ ሁለት ሌሊት እደሩ። ውቅር አብያተ ክርስቲያናቱን ለማየትም ቀኑ አይበዛም። ከዚያ ተራራው ላይ ሁለት ወይም ሦስት ሌሊት ስጡት። በላስታና በመቄት ደጋ ላይ ገበሬዎች ራሳቸው የሚያስተዳድሯቸው የእንግዳ ማረፊያ ጎጆዎች አሉ፤ ተስፋ በሚባለው የማኅበረሰብ ቱሪዝም ሥራ የተጀመሩ ናቸው። አልጋ፣ ብርድ ልብስና ትኩስ እራት ካገኛችሁ ድንኳን መሸከም ቀረ ማለት ነው። ከመሄዳችሁ በፊት ግን የትኞቹ ክፍት እንደሆኑ ላሊበላ ጠይቁ።

መመለሻው ጥሩ ነው። ከጫፉ ወደ የትኛውም መንደር ብትወርዱ ከፍታው ቶሎ ይቀንሳል። መልሶ የሚያስወጣ ትልቅ ሸለቆ በመካከል የለም። ቀይ ቀበሮ በጥቂቱ፣ ጭላዳ በመንጋ ይገኛል። ጠዋት ላይ ከጫፉ የላስታ ተራሮች አንዱ ካንዱ ትከሻ ለትከሻ ሲደራረቡ ታያላችሁ።

ስሜን፦ ከጨነቅ በር ተሻግሮ ራስ ደጀን

ስሜን ለብቻው የሚጻፍለት ነው። እ.ኤ.አ. በ1978 በዓለም ቅርስነት ከተመዘገቡት የመጀመሪያዎቹ ቦታዎች አንዱ ነው። በአደጋ ላይ ካሉት ቅርሶች መዝገብ እ.ኤ.አ. በ1996 ገብቶ በ2017 ወጥቷል። ዋልያን በዱር የምታዩት እዚህ ብቻ ነው።

ራስ ደጀን ከ4,500 ሜትር በላይ ነው። በድሮ መጻሕፍት 4,620 ተብሎ ስታነቡት አትገረሙ፤ በኋላ የተደረጉት ልኬቶች ዝቅ አድርገውታል። በዚያ ከፍታ በእያንዳንዱ ትንፋሽ የምታገኙት ኦክስጅን በባሕር ጠለል ካለው ከግማሽ ብዙም አይበልጥም። ደሴ ላይ ሦስት አራተኛ ገደማ እናገኛለን።

የሚገርመው ነገር ይህ ነው። ከሁሉም ከፍተኛው ተራራ ከሁሉም የተሻለ ደረጃ አለው። መነሻ ከተማው ደባርቅ 2,850 ሜትር ገደማ ነው፤ ካምፖቹ ደግሞ ሰንቀበር 3,250፣ ግጭ 3,600፣ ጨነቅ 3,620። በየቀኑ የሚጨምረው ከ500 ሜትር በታች ነው። በእግር ከሄዳችሁ ካምፖቹ ራሳቸው ያለማምዷችኋል። ከግጭ በእሜት ጎጎ ጫፍ በኩል ወደ ጨነቅ ስትሄዱ 3,926 ሜትር ነክታችሁ ዝቅ ብላችሁ ታድራላችሁ። ከዚህ የተሻለ ልምምድ አይገኝም። ጊዜ ለመቆጠብ ከደባርቅ በመኪና ቀጥታ ጨነቅ የሚሄድ ሰው ግን ይህን ሁሉ ይጥለዋል።

ከጨነቅ በኋላ ነገሩ ይለወጣል። በቧሂት ተራራ ትከሻ ላይ ያለው በር 4,200 ሜትር ገደማ ነው። ያንን ተሻግራችሁ ወደ መሸሃ ወንዝ ትወርዳላችሁ፤ ወንዙ 2,800 ሜትር ላይ ነው። እንደገና ወደ አምቢቆ፣ 3,200 ትወጣላችሁ። በአንድ ቀን ወደ 600 ሜትር መውጣት፣ 1,400 መውረድ፣ 400 መውጣት ማለት ነው። ጉልበት የሚያልቀው መውረዱ ላይ ነው። በማግስቱ ደግሞ ከአምቢቆ ራስ ደጀን ደርሶ መመለስ ከ8 እስከ 10 ሰዓት ይፈጃል። ከሌሊቱ 10 ሰዓት በባትሪ ትነሳላችሁ።

እዚህ ላይ መመለሻው ይከብዳል። አምቢቆ ላይ የታመመ ሰው ወደ ደባርቅ ለመምጣት 4,200 ሜትሩን በር መልሶ መሻገር አለበት። በበሩ አካባቢ ወደ ጃናሞራ የሚያልፍ የመኪና መንገድ አለ፤ ግን መኪና በፈለጋችሁ ሰዓት አይመጣም። ስለዚህ የምትወስኑት ጨነቅ ላይ ነው። ጨነቅ ሁለት ሌሊት እደሩ። በመካከሉ ቀን ቧሂትን ወጥታችሁ ተመለሱ። ራሱን የሚያመው፣ ምግብ ያልበላ ሰው ካለ በሩን አይሻገር። እዚያ ቀርቶ ዋልያ ሲመለከት ቢውል አልተጎዳም።

ብርዱን አልረሳውም። በታኅሣሥ ጨነቅ ላይ አድረን ስነቃ የድንኳኑ ውስጠኛ ጨርቅ ላይ የራሳችን ትንፋሽ ውርጭ ሆኖ ተጋግሯል። እጄ ሲነካው ፊቴ ላይ ረገፈ። ከጎኔ ያስቀመጥኩት ሃይላንድ አፉ ላይ በረዶ ሠርቶ አልከፈት አለ። ከዚያ ወዲህ ውሃዬን መኝታ ከረጢቱ ውስጥ ይዤ ነው የምተኛው።

ሥርዓቱ የታወቀ ነው። ደባርቅ ያለው የፓርኩ ጽሕፈት ቤት ትከፍላላችሁ፣ መሣሪያ የያዘ ስካውት ይመደብላችኋል፣ አስጎብኚና በቅሎ እዚያው ትከራያላችሁ። የበቅሎና የነጂው ሒሳብ የመመለሻቸውንም ቀን እንደሚጨምር አስቀድማችሁ ተነጋገሩ። ብዙ ጭቅጭቅ የሚነሳው ከዚህ ነው።

ከእኛ ሲታይ ትልቁ ችግር ርቀቱ ነው። ከደሴ በወልድያና በደብረ ታቦር ጎንደር ለመድረስ ከ500 ኪሎ ሜትር በላይ ነው። ከጎንደር ደባርቅ ደግሞ 100 ኪሎ ሜትር ያህል። መሄጃ ሁለት ቀን፣ መመለሻ ሁለት ቀን ያዙ። አሥር ቀን ዕረፍት የሌለው ሰው አይጀምረው።

ባጭሩ ሲተያዩ

| መመዘኛ | ቦረና ሳይንት | መንዝ ጓሳ | አቡነ ዮሴፍ | ስሜን (ራስ ደጀን) |
|---|---|---|---|---|
| ከፍተኛው ቦታ | 3,700 ሜ. ገደማ | 3,700 ሜ. ገደማ | ከ4,200 ሜ. በላይ | ከ4,500 ሜ. በላይ |
| የማደሪያ ደረጃ | ለስላሳ | ድንገተኛ ዝላይ | ካልተጣደፉ ጥሩ | ከሁሉም የተሻለ |
| መመለሻ | ፈጣን | በመኪና ቀላል | ፈጣን | ከጨነቅ ወዲያ ከባድ |
| የዳገቱ ክብደት | መካከለኛ | ቀላል | ከባድ | በጣም ከባድ |
| ማደሪያ | የራስ ድንኳን | የማኅበረሰብ ማረፊያ | የመንደር ጎጆ ወይም ድንኳን | ካምፕ፣ ድንኳን |
| ከደሴ ደርሶ መልስ | 4–5 ቀን | 4 ቀን | 6–7 ቀን | 10–12 ቀን |
| ወጪው የሚበዛው በ | ስንቅና ዕቃ | መኪና | አስጎብኚና ማደሪያ | መኪና፣ በቅሎ፣ የቀኑ ብዛት |

ለማን የትኛው?

ኪሱ ለሳሳ፣ ተማሪ ለሆነ ወይም ለጀማሪ ደሞዝተኛ ቡድን ቦረና ሳይንት ይሻላል። መኪናው አጭር ነው፣ ስንቁም ከቤት ይወጣል። አራት ወይም አምስት ሆናችሁ ሂዱ፤ ድንኳኑም የመንገድ መሪው ክፍያም ይከፋፈላል።

የሳምንት ፈቃድ ያለው፣ ከዚህ በፊት 4,000 ሜትር ያልረገጠ ሰው አቡነ ዮሴፍን ይውጣ። ግን ሁለቱን የላሊበላ ሌሊቶች አይቀንሳቸው። የኮምቦልቻ ሰው ከሆነ ደግሞ የደሴውንም ይጨምርበት።

ስሜን አቡነ ዮሴፍን ያለ ራስ ምታት ለጨረሰ ሰው ነው። ከዚያ በፊት መሄድ የሚፈልግ ካለ ጨነቅ ድረስ ብቻ ሄዶ ይመለስ። ግጭና እሜት ጎጎ ብቻቸውን ለጉዞው በቂ ናቸው። ራስ ደጀንን ለሌላ ዓመት ማቆየት ይቻላል።

የልብ፣ የሳንባ ወይም የደም ግፊት ችግር ያለበት፣ እርጉዝ የሆነች ሴትም ከሐኪም ጋር ሳይነጋገሩ አይሂዱ። ለከፍታ የሚሰጠውን ዲያሞክስን ከፋርማሲ ገዝቶ በራስ መዋጥም አይገባም። በተለይ የሰልፋ መድኃኒት አለርጂ ካለባችሁ ለሐኪሙ ንገሩት።

ጊዜውን በተመለከተ ከጥቅምት እስከ ጥር ሰማዩ ይጠራል፣ ሌሊቱ ግን ይበርዳል። ከየካቲት እስከ ሚያዝያ ወሎ በልግ አለው፤ ከሰዓት በኋላ ጉምና በረዶ ሊመጣ ይችላል። ክረምቱን ተዉት። ጭቃው አንድ ነገር ነው፣ የመሸሃ ሙላት ሌላ ነገር ነው። በየትኛውም ወር ቢሆን ከፍተኛውን በር ከቀትር በፊት ተሻገሩ።

ስለ ዕቃና ስንቅ ጥቂት

ውድ ጃኬት መግዛት የለባችሁም። በሰልባጅ ተራ ትንሽ ከታገሣችሁ የሱፍ ሹራብና ነፋስ የማያሳልፍ ጃኬት ይገኛል። በየ1,000 ሜትሩ ከ6 ዲግሪ በላይ እንደሚቀዘቅዝ አስቡና ደርቡ። ጥጥ ካናቴራ ላብ ይዞ ያበርዳል፤ ከውስጥ አትልበሱት። መኝታ ከረጢት ላይ ግን አትቆጥቡ። ጋቢ ለጦሳ ይበቃል፣ ለጨነቅ አይበቃም።

ስንቁ የእኛው ነው። በሶ፣ ቆሎ፣ ዳቦ ቆሎ፣ ድርቆሽ፣ ሽሮ፣ ስኳር። የወሎ ቡድን ብዙ ጊዜ ሙስሊምም ክርስቲያንም አለበት፤ የእርድ ጥያቄ እንዳይነሳ፣ ረቡዕና አርብም እንዳያስቸግር ሽሮና ምስር ላይ ተስማሙ። ከፍታ ላይ የምግብ ፍላጎት ይጠፋል። በሶ በስኳር በጥብጦ መጠጣት ያን ጊዜ ያድናል። ውሃ ከምንጭም ቢሆን አፍልታችሁ ጠጡ።

በቅሎ ልከራይ ወይስ ልሸከም የሚለው ጥያቄ ሁሌ ይመጣል። ገንዘብ ካላችሁ ተከራዩ። ጭነት ብቻ አይደለም የምትከራዩት። በቅሎዋ የታመመ ሰው ማውረጃም ናት፤ ነጂው ደግሞ ፊታችሁን አይቶ የሚያውቅ ሰው ነው።

ጫማ የመጨረሻው ነው። ለጉዞው አዲስ ጫማ ገዝታችሁ ያን ቀን አታድርጉት። ቢያንስ አራት እሑድ ጦሳን ውጡበት፣ ውረዱበት። ሲወርዱ አውራ ጣታችሁ ፊት ለፊቱን ከነካ ጫማው ጠቧችኋል፤ ከቧሂት ወደ መሸሃ 1,400 ሜትር ስትወርዱ ጥፍራችሁ ይጠቁራል። ሱቁ ከተቀበላችሁ በአንድ ቁጥር ከፍ አድርጋችሁ ቀይሩት፣ ከዚያ አምስተኛውን እሑድ በወፍራም ካልሲ ሞክሩት።